የላይኛው ክዳን

በምሠራበት ሱቅ ጓሮ ዳኛዋ ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ ካርቶን ላይ ስፈርድ ኖሬአለሁ፤ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ተጨምቆና ታስሮ እንዲሸጥ ወደ መጭመቂያው፣ መጠቅለያ ላስቲኩ ወደ ጆንያ፣ የራሰና የቆሸሸው ወደ ቆሻሻ። ይግባኝ የለም። አንድ እርጥብ ካርቶን አብሮት የታሰረውን ሁሉ ያበላሻል፤ ያኔ የሚወስደው አይገኝም።

ካርቶን የምከፍተው ከሥሩ ነው። እገለብጠዋለሁ፣ እቀድደዋለሁ፣ ዕቃውን አውጥቼ ረግጬ አነጥፈዋለሁ። ይፈጥናል፤ የላይኛው ክዳን እንደታሸገ ይሄዳል። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር።

አባቴ የሱቁ ዕቃ በሚመረትበት ፋብሪካ ካርቶን አሻጊ ነበር። ያለ ፈቃዱ ስላገባሁ ሁለት ዓመት ተኳረፍን። እሱ ግትር፣ እኔም የግትር ልጅ። እሱ ይቅደም እያልኩ ስጠብቅ ሞት ቀደመኝ።

ከሐዘን በተመለስኩ ቀን ዕቃ የሚያመጣልን ሹፌር እጄን ይዞ፣ "ነፍስ ይማር" አለኝ። ቀጥሎም፣ "አትቀየሚኝና እህቴ፣ አንድ ቃል እንኳ ብትልኪላቸው ምን ነበረበት?"

"ምን ብሎኝ ነው የምልክለት?"

"ለናንተ የሚጫነው ካርቶን ላይ ይጽፉልሽ አልነበር? የላይኛው ክዳን ውስጥ። በሄድኩ ቁጥር ‹ምን አለች?› ይሉኛል። እኔም ‹ነገ ትመልስልዎታለች፣ አባባ› እላቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?"

ስንቱን ረግጬ ለመጭመቂያው እንደሰጠሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የታሸገበትን ቀን እያየሁ መጋዘኑን አገላበጥኩት። በእሱ ዕድሜ ከታሸገው የቀረው አንድ የፈሳሽ ሳሙና ካርቶን ብቻ ነው፤ እሱም ውስጡ ያለ ጠርሙስ ፈሶበት ርሷል። ከላይ ከፈትኩት። ክዳኑ ሥር፣ ቁጥር በሚጽፍበት ወፍራም እስክሪብቶ፣ ግማሹ የደበዘዘ አንድ ቃል አለ።

"በልተሻል?"

ልጅ ሳለሁ ተቆጥቶኝ ሲያበቃ ማስታረቂያው ይህቺው ነበረች።

የመጋዘኑ ኃላፊ ከኋላዬ መጣ። "ዳኛዋ፣ ርሷል እኮ። ወደ ቆሻሻ ነው አይደል?"

"ወደ ቆሻሻ ነው" አልኩት። ክዳኑን ግን በምላጭ ቆርጬ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ሳሙናው ሸሚዜን አራሰው።

"በልቻለሁ፣ አባዬ" አልኩ። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ነበር።