የኢንዶ ራቢያ ስኳር

ወንዙ በየዝናቡ ዳርቻውን እየበላ መጥቶ፣ ከአሮጊቷ ጎረቤቴ ከኢንዶ ራቢያ ቤት አራት እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። የሚቀጥለው ዝናብ ቤቱን ይዞት እንደሚሄድ ሁላችንም አውቀናል። እንደ እኛ እንደ ቡጊስ ሕዝብ ቤት ሁሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ስልሳ ሰው ከተገኘ እንዳለ ተሸክሞ ወደ ጉብታው መውሰድ ይቻላል። አሮጊቷ ግን ሰው አልጠራም አሉ።

«ተሸካሚውን የሚያበላው ባለቤቱ ነው» አሉኝ። «እኔ ቤት ያለው አንድ ኩባያ ስኳር ነው። ስልሳ ሰው ጠርቼ ሆዱን ባዶ ልሸኝ? ወንዙ ይውሰደኝ!»

«ኢንዶ፣ ሰው ለምግብ ብሎ እኮ አይመጣም።»

«ዝም በል ሳይኑ! ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚጠፋ ልጅ እኔን ሊመክር?»

እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ያዝኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «የኢንዶ ራቢያ ቤት... ነገ ጠዋት...» ብዬ ቀረሁ።

«ምን ሆነ? ተቃጠለ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይ! ይነሳል!» ብዬ ጮህኩ። መስጊዱ በሳቅ ተሞላ። መንደሩ በሙሉ ሰማ፤ እሳቸውም ሰሙ። ማታውን ሙሉ አኮረፉኝ።

በማግስቱ ወንዶቹ ቀርከሃ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው መጡ።

«በስህተት አብዝቼ ሠርቼ ነው» አለች የመጀመሪያዋ። ሁለተኛዋም እንዲሁ አለች። ሰባተኛዋ ስትደርስ ኢንዶ ራቢያ ክዳኖቹን ከፋፍተው አዩ። ሁሉም የሙዝ ገንፎ ነው።

«ዛሬ አገሩ ሁሉ መስፈር ረሳ?» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን መያዝ አቃታቸው።

ቀርከሃው ከምሰሶዎቹ ጋር ታሰረ። ሥራውን የሚመራው ዳዬንግ ማቶላ «አንድ፣ ሁለት!» ሲል ቤቱ ከመሬት ለቀቀ። እየተንገዳገድን፣ እየተሰዳደብን፣ እየሳቅን ጉብታው ላይ አደረስነው።

ገንፎው ሲያልቅ ኢንዶ ራቢያ ትልቅ ድስት ሻይ ይዘው ከቤታቸው ደረጃ ወረዱ። ያችን አንድ ኩባያ ስኳር ለስልሳ ሰው በትነዋታል። ቀመስኩት፤ ስኳር የሚባል ነገር የለውም።

ዳዬንግ ማቶላ ፊቱን ጨፍገግ አድርጎ «ኧረ ኢንዶ፣ ስኳሩ በዛ! ጥርሴን አሳመመኝ» አለ።

«እኔንም!» አለ ሌላው። «ውኃ ጨምሩበት!»

አሮጊቷ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ሳይኑ? ጣፈጠህ?»

ምላሴ እንደ ልማዱ ጠፋ። ባዶ ብርጭቆዬን ድጋሚ ዘረጋሁላቸው።