የብቸናው ዶሮና የሞጣዋ ድመት

ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይተሳሰር። ብቸና ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ሞጣ ያለም አይክደውም። ያላመነ ሚኒባስ ይሳፈርና ሄዶ ይጠይቅ።

የሺጥላ ብቸና ላይ የሶፍትዌር ድርጅት ነበረው። ድርጅቱ ማለት እሱ ራሱ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማኅተም ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ፤ ኮሌጅ ገብቶም ሳይጨርስ ወጣ። ጠላቶቹ «ከሁለቱም የወጣው በመስኮት ነው» ይላሉ። ግን እጁ ሥራ ያውቃል። ፎቶ ኮፒ እያነሣ ሳለ የኮምፒውተር ስክሪን ጥግ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፤ የሐበሻ ቀንና ሰዓት የሚናገር አውራ ዶሮ። ሰዓት በሞላ ቁጥር ክንፉን አራግፎ ይጮኻል። የከተማው ቢሮዎች አንድ በአንድ ጫኑት። መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ የጮኸ ቀን የብቸና አውራ ዶሮዎች በሙሉ፣ ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያሉት፣ አንድ ላይ መለሱለት። ከዚያን ቀን በፊት የሺጥላ ሲያልፍ ሰው «ያ ያቋረጠው» ነበር የሚለው። ከዚያ ወዲህ «የዶሮው ጌታ» ሆነ።

ሞጣ ላይ ደግሞ ጀዋሂር ነበረች። ከአባቷ ከሙሐመድሸሪፍ የጨርቅ መደብር ጀርባ፣ በጣቃ በተሞላች ክፍል ተቀምጣ የእሷን ትንሽ ፕሮግራም ሠራች፤ ድመት። ድመቷ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም በዓል ታስታውሳለች፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተጠቅልላ ትተኛለች። ይህን ያየ ሠራተኛ «ይቺስ የገባት ናት» ብሎ ወንበሩን ይለቃል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ብቸና ገባች።

ጉድ የፈላው ሁለቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲገናኙ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ያችኑ ጥግ! የሺጥላ ዶሮው የድመቷን ጭራ ነክሶ እንዲጎትት አደረገ። ጀዋሂር ብዙም ሳትቆይ መለሰች፤ ዶሮው አፉን ሊከፍት ሲል ድመቷ ብድግ ትልና መዳፏን አፉ ላይ ትጭናለች። ድምፅ የለ፣ ጽሑፍ የለ። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ፣ ሻዩን ይዞ፣ ከቦ ያያል። የሺጥላ ክረምቱን ሙሉ ያችን መዳፍ ሲራገም ከረመ።

አቶ ደምለው የሚባሉ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስጠሩት።

«ስማ አንተ፣ ይኸ ቢሮ ነው ወይስ የዶሮ ተራ?»

«ጋሼ፣ ድመቷ ናት እኮ የምትጀምረው!»

«ማን ጀመረ አላልኩህም። ከዞን እንግዶች ይመጡብኛል። አንድ ጊዜ እነሱ ፊት ያሳፍረኝና፣ ዶሮህን ከየቢሮው አስጠርጌ ወደ ፎቶ ኮፒህ እመልስሃለሁ።»

የሺጥላ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ፎቶ ኮፒውስ ምንም አልነበር፤ «ያ ያቋረጠው» መባሉ ነው የከበደው።

ጳጉሜ አምስት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ስም «ድመቷ» ይላል። ጀዋሂርን የመዘገባት እንዲያ ነው። አላነሣም። ደግማ ደወለች፤ አላነሣም። ከምሳ በኋላ ድርጅቱ ደጃፍ ሚኒባስ ቆመና እሷው ራሷ ወረደች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስልክ አታነሣም?»

«ልትሰድቢኝ መስሎኝ።»

«ስድቡንማ ይዤልህ መጥቻለሁ፣ አይቀርብህም። በፊት ላፕቶፕህን ክፈት። ለአዲስ ዓመት ምን እንዳዘጋጀህ ሰልዬ ልበልጥህ ብዬ ዶሮህን ጫንኩትና ቀኑን ወደ ፊት ገፋሁት። ነገ ጠዋት ‹እንኳን አደረሳችሁ› ብሎ ሊዘፍን ነው።»

«ይዝፈና! አበባየሆሽን ሳይቀር አስተምሬዋለሁ።»

«የሺጥላ፣ ነገ ጳጉሜ ስድስት ነው።»

የሺጥላ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን እሱም ያውቃል፤ ለዶሮው ግን አልነገረውም። ቅኔ ቤቱን ጥሎ የወጣው የዘመን ቆጠራው ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ሊጀመር ሲል ነበር። ነገ ደግሞ የአቶ ደምለው እንግዶች የሚገቡበት ቀን ነው። የሰውየውን ዛቻ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

«ዝም ብትይ ኖሮ አሸንፈሽኝ ነበር» አላት።

«ዶሮህ ከተጠረገ ድመቴን ማን ዞር ብሎ ያያታል? ሰው የሚከበው እኮ ጠቡን ሊያይ ነው። ይልቅ ተነሥ። ድመት ያለችበት ኮምፒውተር ይቆየን፤ እሷ አፉን ትይዝልሃለች። የሌለችበትን እናዳርስ።»

ዶሮውን አርመው፣ ፍላሽ ይዘው፣ ቢሮ ሳይዘጋ ከደጅ ደጅ ሮጡ። ሁሉንም አዳረሱ፤ የአቶ ደምለው ክፍል ግን ተቆልፏል። ሰውየው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ለቅሶ ሊደርሱ ደብረ ወርቅ ሄደዋል።

«እሳቸው ጋ ድመቴ አለች?»

«እሳቸው? ድመት? አይሞከርም!»

ጀዋሂር የየሺጥላ እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ዘንድ ሽሮዋን በልታ አደረች። እሱ ግን እህልም እንቅልፍም አልቀመሰም። ሲነጋ ሁለቱም የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ መስኮት ሥር ቆሙ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል። አቶ ደምለው ከክፍላቸው ያመጡትን ኮምፒውተር ከፈቱ፤ ስክሪኑ እንዳለ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በራ። ዶሮው ብድግ አለ። ክንፉን አራገፈ። ደረቱን ነፋ። አፉን ከፈተ።

ከሥር ድመት ብቅ አለች። መዳፏን አፉ ላይ ጫነች። ዶሮው ተንፈራገጠ፤ እሷ ንቅንቅ የለ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉ አንድ እንግዳ።

አቶ ደምለው ደረታቸውን ነፉ። «ራሴ ነኝ የጫንኳት። ስብሰባ ላይ ሥርዓት ታስይዝልኛለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሺጥላ ሲራገማት የከረመችውን መዳፍ ግድግዳው ላይ ሄዶ ሊስማት ምንም አልቀረው። ወደ ጀዋሂር ዞረ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለ በመከራ። «ስሜን አተረፍሽልኝ።»

«አሚን። አሁን ስድቡን ልጀምር?»

ጠቡ እስካሁን አልቆመም፤ ድሮም ያማረባቸው እሱ ነው። ዶሮው ጭራ ይጎትታል፣ ድመቷ አፍ ትይዛለች። ግን ጳጉሜ ባለቀች ቀን ሁሉ ዶሮው ከመጮኹ በፊት ድመቷ ፊት አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ጀዋሂር «ኧረ አጥፋው፣ አፈርኩ» ብትለው፣ የሺጥላ «እኔ ምን ላድርግ፣ ዶሮው ውለታ አይረሳም» ብሎ እንቢ አለ።

እንግዲህ ምላሴ ሳይተሳሰር አንዲት ነገር ላስተካክል። የብቸና አውራ ዶሮዎች በሙሉ መለሱለት ያልኩት የራሴ ጭማሪ ነው። የመለሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለራሱ ጉዳይ የጮኸ ይመስለኛል።