የማያጠፋው ማጥፊያ

ጎረቤቶቿ ወይዘሮ ሽቦ ይሏታል። ስሙም ያለ ነገር አልወጣላትም። በዚያ የከብት እርባታ ግቢ የተሰበረው፣ የተላቀቀው፣ የላላው ሁሉ በእሷ እጅ በሽቦ ታስሮ ይከርማል። የበሩ ማጠፊያ በሽቦ፣ የጋሪው ጎን በሽቦ፣ የውሃው ቱቦም በአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ተጠቅልሎ በሽቦ። የአባቷን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግቢውን ያቆመችው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ወተቱን በፒካፕ ጭኖ ሲዞር ይውላል፤ ከማሽኖቹ ጋር ግብግብ የምትገጥመው እሷ ነች።

ከማሽኖቹ ሁሉ ክፉው መኖ መክተፊያው ነበር። ማብሪያው ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል። ጫፉ የተላጠ የኮረንቲ ሽቦ ከምሰሶው ጀርባ ካለ ምስማር ላይ ሲንጠለጠል ማሽኑ ይነሳል፤ ሽቦው በደረቅ እንጨት ተመቶ ሲወርድ ይቆማል። ይህን የሚደፍር ከእሷ በቀር አልነበረም። ወንድሟ እንኳ «ይሄን ሰይጣን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» ይላት ነበር፤ እሷም ይህን ስትሰማ ደረቷ ይነፋል።

ኋላ ወንድሟ አገባ። ሙሽራይቱ ስምንት ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤቶች እየዞረች ሞተር ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። በመጣች በሳምንቷ የሥራ ቤቱን ወለል ጠረገች፤ የቤንዚኑን ጀሪካን ከብረት መቁረጫው አጠገብ አንስታ ውጭ አኖረች፤ ከአሮጌ በርሜል ቆርጣ ማሽኑን ለሚያዞረው ቺንጊያ መከለያ ሠራች። ከምሰሶው ጀርባ የተንጠለጠለውን ሽቦ ስታይ ግን መጥረጊያዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ሰው እጁ ቢያዝ ይሄ ነገር በምን ይጠፋል?»

«እኔ አለሁ አይደል» አለች ወይዘሮ ሽቦ።

ምራቲቱ አልተከራከረችም። በማግስቱ ከከተማ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ማብሪያ አስመጥታ ማሽኑ አፍ አጠገብ ገጠመችው። አባትየው እንደ ልማዳቸው የሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በጆሯቸው ሥራውን ይከታተሉ ነበር። ማሽኑ ተነሳ፤ ቆመ፤ እንደገና ተነሳ።

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይሄ ማሽን እንዲህ ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ይቺ «ልጄ» የምትባለው ቃል ወይዘሮ ሽቦን እንደ ጉንዳን ነደፈቻት። ያን ማሽን በዝናብ በፀሐይ፣ እጇ እየተላጠ፣ ሁለቴ ኮረንቲ ወርውሯት፣ ስንት ዓመት ያቆመችው እሷ ናት። አንድም ቀን እጅሽ ይባረክ አልተባለችም። የዚያን ዕለት እራቷን እንደ ገለባ አኝካ ተነሳች።

በማለዳ፣ ሰው ሁሉ ላሞቹ ጋ ሳለ፣ የማብሪያውን ክዳን ፈትታ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በፒንሳ ጠምዝዛ አንድ ላይ አሰረቻቸው፤ ከእንግዲህ ቀዩ ቁልፍ ቢጫንም ማሽኑን አያቆመውም። ከዚያ ኮረንቲውን በድሮው ሽቦ በኩል መልሳ፣ ሽቦውን በምስማሩ አንጠለጠለችና ማሽኑን አስነሳችው። ለራሷ «ይሄ የከተማ ዕቃ አቧራ አይችልም፣ ነገ መበላሸቱ አይቀር» አለች። በልቧ ያለው ሌላ ነበር። አንድ ቀን አባቷ እየሰሙ ምራቲቱ ቁልፉን ስትጫን ማሽኑ እምቢ ቢላት፣ እሷ በእንጨቷ ቸብ አድርጋ ብታቆመው ነበር ምኞቷ።

ጥቂት ቆይቶ ምራቲቱ ጓንቷን አጥልቃ ገባች። ማሽኑ ሲዞር አይታ በቁልፉ የተነሳ መሰላትና መኖውን ማጉረስ ጀመረች። ወይዘሮ ሽቦ ልትነግራት አፏን ከፈተች። «ተይው፣ ቁልፉ አይሠራም» ለማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። ግን ለምን አይሠራም ብትባልስ? አፏን ዘጋችና ሌላ የመኖ እስር ልታመጣ ወደ ጎተራው ሄደች።

መንገድ አጋማሽ ላይ ሳለች ቀጭን ድምፅ ሰማች፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ የሚል። ሰው ቁልፍ ሲመታ ነው። እግሯ ቀድሟት ሮጠ። ስትደርስ ሳይፈታ ማሽኑ የጎረሰው የእስር ገመድ የምራቲቱን ጣቶች ጠልፎ ወደ ማሽኑ አፍ ይጎትታታል። ምራቲቱ አንድ እግሯን ብረቱ ላይ ተክላ፣ በሌላው እጇ ቀዩን ቁልፍ ትደበድበዋለች። አትጮኽም። ወይዘሮ ሽቦ እንጨቱን አንስታ ሽቦውን መታችው። ማሽኑ ፍጥነቱ እየቀነሰ ቆመ።

የጓንቱ ጫፍ የለም። የመሃል ጣቷ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ምራቲቱ ግን መጀመሪያ ያየችው ጣቷን አልነበረም፤ መሬት የወደቀውን ሽቦ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ወይዘሮ ሽቦን አየቻት።

ወንድሟ ከነፒካፑ ግቢ ውስጥ ስለነበር ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሰባት ቦታ ተሰፍታ ከቀትር በኋላ ተመለሱ። አባትየው ደጃፉ ላይ እንዳሉ ናቸው።

«ቁልፉ ለምን አላቆመውም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። ገመዱን ሳልፈታ አጎረስኩት» አለች ምራቲቱ።

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋቱን የሚያምን ሰው ብርቅ ነው» አሉ።

ወይዘሮ ሽቦ ይህን ሰምታ ወደ ደጃፉ ተጠጋች። አባቴን ወሰደችብኝ፣ ሥራዬን ወሰደችብኝ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቴን ሳይቀር ወስዳ ትመሰገንበታለች አለች በሆዷ። ቀጥሎ ያፈነዳት እውነት ይሁን ቅናት እስከ ዛሬ ድረስ አታውቀውም።

«ቁልፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት ሽቦውን አሰርኩት። ሆን ብዬ ነው።»

ወንድሟ ሊናገር ሲነሳ አባትየው በእጃቸው ከለከሉት።

«ያን ሽቦ መስቀል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ማብሪያ መግዣ ያጣሁ ጊዜ ያመጣሁት የችግር ዘዴ ነው። ጥሩ ስለሆነ አልነበረም። አንቺ ስትሰቅዪው በሰማሁ ቁጥር ወንበሬን ጨብጬ ነበር የምቀመጠው፤ ከቆመ በኋላ ለአንቺ የሚሆን ምስጋና ከአፌ አይወጣም፤ ተመስገን ብቻ ነው የምለው። ይሄን ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አልነገርኩሽም። የሠራሽው ግን ክፉ ሥራ ነው።» ወንድሟ ሁለት ሳምንት አኩርፏት ከረመ።

አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሽቦ ምራቲቱን ጓሮ አገኘቻት። በአንድ እጇ ልብስ ለማስጣት ትታገላለች። ሸሚዙን ተቀበለቻትና አሰጣችው።

«ያን ቀን ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች ምራቲቱ። «በዚህ ቤት ገና እንግዳ ነኝ። እኔና አንቺ ብንካሰስ ከቤት የምወጣው እኔ መሰለኝ። ወንድምሽ አንድ ነገር ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚጠራው አንቺን ነው፤ ታውቂያለሽ? እኔ አጠገቡ ቆሜ አንቺን ይጠራል። አንዳንዴ ጥርሴን አፋጭቼ ነው የማልፈው።»

ወይዘሮ ሽቦ ሌላ ሸሚዝ አንስታ በኃይል አራገፈችው።

ማብሪያውን አብረው መለሱት። ምራቲቱ እጇ ስለታሰረ እያዘዘች፣ ወይዘሮ ሽቦ ካቻቢቴውን ይዛ። «መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፊ። ብሎኑን አታጥብቂው። አይደለም፣ ወደ ግራ።» አንድ ሁለቴ ካቻቢቴውን ጥላ ልትሄድ ቃጣት፤ አልሄደችም። ሲጨርሱ ያን የድሮ ምስማር ከምሰሶው ነቅላ ጣለችው።

ጣቱ ዳነ፤ ጫፉ ግን ዛሬም አይታጠፍም። ምራቲቱ ብርጭቆ ባነሳች ቁጥር ያቺ ጣት ለብቻዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ወይዘሮ ሽቦም ዓይኗን ታሸሻለች። ቅናቷ ጠፋ ቢባል ውሸት ነው። አባቷና ምራቲቱ አብረው ሲስቁ ከሰማች አሁንም ይነሳባታል። ያን ጊዜ ከመካከላቸው ተነስታ ላሞቹ ጋ ትሄድና ግርግማቸውን ትጠርጋለች፤ አንዳንዴ ጠርጋ ሳትጨርስ ቅናቱ ይለቃታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁሉንም ጠርጋ ጨርሳ እንኳ አይለቃትም።