ረቡዕ፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ

ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ክሮፍት ብዙ ነገር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የሃይማኖት ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደማይጠቅም ለምሳሌ በደንብ ያውቁ ነበር፤ ያወቁትም ሳይማሩት ነው።

ሞሪን ሂበርት ደግሞ ይህንኑ የማይጠቅም ትምህርት በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ እሳቸው በሚመሩት ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራለች። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተጠራች።

«ሞሪን፣ ቅር እንዳይልሽ» አሉ ክሮፍት። «ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል። ከመስከረም ጀምሮ የአንቺ ክፍለ ጊዜ ቀርቶ የስኬት ክህሎት እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«የስኬት ክህሎት ምን ያስተምራል?»

«እጅ አጨባበጥ፣ አነጋገር፣ የእንግዳ አቀባበል። ነገ ሥራ ሲይዙ የሚጠቅማቸውን።»

«እንግዳው ማን እንደሆነ ሳያውቁ?»

«ስልክ አላቸው አይደል። ይፈልጉታላ።»

ሞሪን በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ኖሮ ደስ ባላት፤ ግን መስታወቱን ማን ያሠራል?

ሐሙስ ጠዋት የወጥ ቤቱ በር ላይ የምሳ ዝርዝር ተለጥፎ አየች። አዲሱ የቦርድ ሊቀመንበር ካንቲላል ሜህታ ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣታቸው ነው። ሰውየው ጄይን የሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው፤ ነፍስ ያለውን ሁሉ ላለመጉዳት ሥጋ በአፋቸው አይዞርም። ክሮፍት ይህን ሰምተው ዝርዝሩን በገዛ እጃቸው አውጥተዋል፦ የካሮት ሾርባ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የድንችና የሽንኩርት ፓይ፣ ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ዳቦ። ለስጦታ ከትምህርት ቤቱ ቀፎ የተቆረጠ ማር።

ሞሪን አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ከሥሩ ተነቅሎ የሚወጣ ነገር ለማይበላ፣ የንብን ድካም ለማይቀማ ሰው፣ ከምድር በታች ያለውን ሁሉ ቆፍሮ ማቅረብ። ሰው አንዱን ይስታል፣ ሁለቱን ይስታል። አንድም ሳያስቀሩ ሁሉንም መሳት ግን ልዩ ተሰጥኦ ይፈልጋል።

ዝም ብትልስ? እሷ ምን አገባት? ክሮፍት በቦርዱ ፊት ይዋረዳሉ፣ ክፍለ ጊዜዋም ይተርፍ ይሆናል። ንዴቷ «ተይው፣ ይግባበት» አላት። ችግሩ፣ ምሳው የሚቀርበው ለክሮፍት ሳይሆን ለእንግዳው ነው። ሰውን በማዕዱ አታሳፍሩ እያለች ሃያ ሁለት ዓመት የለፈለፈችው እሷው ናት። ራሷን እየረገመች ደረጃውን ወጣች።

«ሚስተር ክሮፍት፣ ጄይኖች ከመሬት ሥር የሚወጣ አይበሉም። ተክሉ ሲነቀል ይሞታል፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ ነው የሚሉት። ማርም አይሆንላቸውም።»

ክሮፍት ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሞሪን፣ ድንች ሥጋ ነው?»

«አይደለም።»

«በቃ፣ ተስማማን። ይህን ዛሬ ለምን እንዳመጣሽውም ይገባኛል።»

ምሳ ሆነ። ሞሪን ጥግ ላይ ቦታ ተሰጣት። ሜህታ ሾርባውን አዩት፣ ዳቦውን አዩት፣ ውኃቸውን ተጎነጩ። ክሮፍት «እንብላ እንጂ!» ሲሏቸው «ዛሬ እምብዛም አልራበኝም» አሉ በፈገግታ። ማሩ ከፊታቸው ሪባን ታስሮለት ተቀምጧል።

ፓይውን የምታድለው የተማሪዎች ተወካይዋ ኪራ ቦስቶክ ናት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። አባቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ቱቦ ሲፈነዳ ብቻ ነው እያለ ይኩራራል። እንግዳው ጄይን መሆናቸውን ወጥ ቤት ሰምታ ነበርና፣ ኪራ ሜህታ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ሳህኑን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ አተርና ቲማቲም ይዛ መጣች።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ። ይኼ ከሥር የወጣ ነገር የለበትም። ሽንኩርትም አልነካውም፤ ሲሠሩት ቆሜ አይቻለሁ።»

ሜህታ ማንኪያውን አነሱ። «ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»

ልጅቷ ሳትመልስ ክሮፍት ተነሡ። «ይኸውላችሁ! የእኛ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ያለ አስተማሪም ያውቁታል። ክፍለ ጊዜው አያስፈልግም የምለው ለዚህ ነው።»

«አይ፣ እኛ እንኳ አናውቀውም ነበር» አለች ኪራ። «ሚስ ሂበርት ናቸው ያስተማሩን። ረቡዕ፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ። ፈተናውንም ከአሥር ስድስት ነው ያመጣሁት።»

ሜህታ አንዴ ሩዙን፣ አንዴ የማሩን ማሰሮ ተመለከቱ።

«ስድስት ያመጣችው ይህን ካወቀች» አሉ ረጋ ብለው፣ «የቀረችውን አራት ባይቀሟት ጥሩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ክፍለ ጊዜው እንዲቀጥል ወሰነ። አንድ ድምፅ ብቻ ተቃወመ፤ የማን እንደሆነ መናገር ሐሜት ይሆናል።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ወጣ። የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ ላይ ክሮፍት በሐር ክራባታቸው ደምቀው ማሩን በሁለት እጃቸው ለሜህታ ሲያበረክቱ ይታያሉ፤ ከኋላ ፓይው ይጨሳል። ከሥሩ «የሃይማኖት ትምህርትን ለማስቀጠል የርዕሰ መምህሩ ቆራጥ አቋም» ይላል።

ሞሪን ጋዜጣውን ጨመደደችው። ከዚያ መልሳ ዘረጋችው፣ በሠላሳ ቅጂ አባዛችው። ረቡዕ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተማሪ አደለችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ በዚህ ፎቶ ውስጥ ስንት ስህተት አለ?

ማሩን ወዲያው አገኙት፤ ፓይውንም። ለሐር ሲባል ትሉ በፈላ ውኃ እንደሚቀቀል ያስታወሰ ልጅ ክራባቱን ጨመረ። ኪራ እጇን አወጣች።

«ሚስ፣ ከሥር የተጻፈውስ ይቆጠራል?»

«እሱ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም» አለች ሞሪን። ትንሽ አሰበች።

«ጻፊው።»