ደረጃ ላይ የተሰየመ ችሎት

እናቴ ዳኛ ነበረች። የዳኛ ሥራ መቀመጥ ነው። ዘመኗን ሙሉ ተቀምጣ የሰው ልጅ ሲዋሽ ስትሰማ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ጉልበቷ መነሣት ረስቶ ነበር። የምትኖረው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ የሕንፃው ባለቤት «ዕቃው ታዟል» ይላል። ከየት እንደታዘዘ የሚያውቅ የለም። በእግሩ እየመጣ ከሆነ ግን ከሁላችንም በላይ ስፖርት የሠራው እሱ ነው።

ታላቅ እህቴ ፋርማሲስት ናት። «ከምግብ በኋላ» እና «ከምግብ በፊት» ከማለት አልፋ ስትናገር የሰማ ሰው ጥቂት ነው። እናታችን መታጠቢያ ቤት ወድቃ ሳትነግረን መሰንበቷን ያወቀች ዕለት ግን ተናገረች።

«እማዬ፣ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ምድር ቤት ክፍል አለኝ፤ ደረጃ የለውም።»

«ምድር ቤት የሚወርደው የተዘጋ መዝገብ ነው» አለች እናቴ።

ሲነታረኩ ውለው ተስማሙ። እናቴ እስከ ወሩ መጨረሻ ሳታርፍ ቤቷ ድረስ መውጣት ከቻለች እዚያው ትኖራለች፤ ካልቻለች ዕቃዋ ይጫናል። አሠልጣኝ እኔ ሆንኩ። ጠበቃ ነኝ፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ችሎት ይገባል። ለእኔም ይጠቅማል ተባለ።

ስለ አረጋውያን ስፖርት የተጻፈ አገላብጬ ተናደድኩ። በየፎቶው ጥርሳቸው የነጣ ሽማግሌዎች ሮዝ ክብደት ይዘው ይስቃሉ። ምን ያስቃቸዋል? ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይስቅም። ከፎቶዎቹ ሥር «ዕድሜ ቁጥር ብቻ ነው» ይላል። የእስራት ዘመንም ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህን የጻፈው ሰው ሄዶ ፍርደኛውን ይጠይቀው።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ ከፎቶዎቹ ትሻላለች፤ አትስቅም። የእናቴን ጉልበት አጥፋ ዘርግታ ካየች በኋላ፣ «ደረጃ ስትወጡ እያወራችሁ መሆን አለበት» አለችን። «ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።»

ይህ መለኪያ ነበር። ሌላ ቤተሰብ ቢሆን እንደ መለኪያ ይወስደው ነበር። እኛ እንደ ትእዛዝ ወሰድነው።

«ስለ ምን ነው የምናወራው?» አለች እናቴ።

«ደስ ስላላችሁ ነገር፣ እማማ። ስለ ምንም ይሁን።»

«ጭብጥ ሳይያዝ ክርክር የለም» አለች እናቴ።

የመጀመሪያው ቀን ጭብጥ ሊፍቱ ሆነ። እኔ ተከራዮቹን ወክዬ ከሰስኩ፤ እሷ ለባለቤቱ ተከራከረች። ያንን ቀጣፊ እንዲህ አሳምራ ስትከላከልለት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ። በቤታችን ደግሞ ነገር በቀስታ ማውራት የሚባል አልተለመደም። እግራችን እየጠና ሲሄድ የኪራይ ክርክር ገና ከመንገዱ እኩሌታ ያልቅብን ጀመር። ወደ ስርቆት አለፍን። ሦስተኛውን ፎቅ ያለ እረፍት የተሻገርነው በከባድ ውንብድና ነው። ለአራተኛው የሰው ነፍስ አስፈለገ።

«ተከሳሿ እኔ ልሁን» አለች እናቴ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት።»

ዐቃቤ ሕግ ሆንኩ። «ገድለሽዋል! አስበሽበት ነው የገደልሽው! እመኚ!»

«አላምንም! ማስረጃህን ቁጠር!» አንድ ደረጃ ወጣች።

«ደሙ ቀሚስሽ ላይ ተገኝቷል!»

«የዶሮ ነው!» ሌላ ደረጃ።

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። በሯን ከፈተች። እናቴ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና፣ «እንደምን አደሩ» አለቻትና ወደ ክርክሯ ተመለሰች። መምህርቷ እኛን አልጠየቀችም። ሰው መጠየቅ ያለበትን ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ፍርድ ቤቶች ባዶ በቀሩ። የደወለችው ለእህቴ ነው። ልጁ አሮጊት እናቱን በየማለዳው በነፍስ ግድያ እየወነጀለ ደረጃ ያስወጣታል ብላ ነገረቻት። አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም።

እህቴ መኪናዋን ይዛ መጣች። ያገኘችን ሕንፃው መግቢያ ላይ፣ የዕለቱን ልንጀምር ስንል ነው።

«አንተ ትንሽ አታፍርም?»

«ስፖርት ነው።»

«በሰው ነፍስ?»

«እታለም፣ በኪራይ ክርክር አራተኛ ፎቅ አይደረስም።»

«የተባባልነው ወሩ መጨረሻ ነበር፣ ልጄ» አለች እናቴ።

«ዛሬ ይሁን። አሁን። ደግሞ አፍሽን ዘግተሽ ነው የምትወጪው፤ ጩኸቱ ነው ልብሽን የሚገድለው። አንተም ድምፅህን እንዳልሰማ።»

ወጣን። ዝም ብለን። አንደኛው ፎቅ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ የእናቴ እግር ቆመ። ብቻ ቆመ፣ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ይመስል። ፊቷን አየሁት። የተፈረደበት ሰው ፊት በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ የእሷን ግን እንዲያ አይቼው አላውቅም። አፌን ልከፍት ስል እህቴ ጣቷን አነሣች። ዝም አልኩ። የትኛውም ክብደት የዚያን ያህል አልከበደኝም።

«ይብቃሽ፣ እማዬ» አለች እህቴ፣ በለስላሳ ድምፅ። «ነይ እንውረድ።»

እናቴ አልዞረችም። «የምትወስጂኝ በምን ምክንያት ነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ክሱ አልቀረበልኝም።» እግሯ ተነሣ።

«ወድቀሻል።»

«ሰው ይወድቃል።» ሌላ ደረጃ።

«ወድቀሽ አልደወልሽልኝም!» እህቴ ስትጮኽ የሰማሁት ያኔ ነው። እየጮኸች ተከተለቻት። «መሬት ላይ ተኝተሽ ምን ነበር የምትጠብቂው?»

«መነሣቴን።»

«ባትነሺስ? ስልክሽን ባላነሣሽ ቁጥር፣ ለሰው የልብ ክኒን እየሰጠሁ የራሴን ልብ እንደምይዝ ታውቂያለሽ? የሌባውንም የወንበዴውንም ቃል ስትሰሚ ኖርሽ! የእኔን አንድ ቀን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልትሞቺ ነበር እኮ!»

የሦስተኛው ፎቅ በር ተከፈተ። መምህርቷ እህቴን አየች፣ እኔን አየች። «ለካ ዘራቸው ነው» አለችና ዘጋችው።

እናቴ ጥቂት ደረጃ ወጣች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እውነትሽን ነው። መደወል ነበረብኝ። ያልደወልኩት እንዳትወስጂኝ ነው። ቤቴ ውስጥ መብራቱን ሳላይ አጠፋዋለሁ። አንቺ ጋ ግን እንግዳ ነኝ። እንግዳ ቶሎ ያረጃል።»

እህቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ኋላ የምትቆም ሴት ናት፤ እየጮኹ ደረጃ መውጣት አልለመደችም። አራተኛው ፎቅ ስንደርስ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። እናቴ በሯን ተደግፋ ቆማለች። ደረቷ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግን ቆማለች።

«የምትጨምሪው አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

እህቴ ቆዪ ለማለት እጇን አነሣች።

«ተከራካሪዋ የምትጨምረው የላትም» አለች እናቴ። «ቤቴ እኖራለሁ። ከወደቅሁ ሳልነሣ እደውላለሁ። የበሩ ቁልፍ ለአንቺም ተቀርጾ ይሰጥሻል፤ ሳታንኳኪ ግቢ።»

ስለ አሠልጣኙ ምንም አልተጠቀሰም። ቅሬታዬን ላቀርብ ስል እህቴ ትንፋሽ አገኘች።

«ይግባኝ... እላለሁ።»

«ይግባኝ ሰሚው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው» አለች እናቴ። ቁልፏን አወጣች። ቀዳዳውን ሳተች፤ ደግማ ሳተች። እህቴ ከደረጃው ተነሥታ ቁልፉን ተቀበለቻትና በሩን ከፈተችላት።