የጠመኔ ቤት

ፕላን በወረቀት ያሳዩት ሰው ገባውም አልገባውም ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ አርክቴክቱ አዲሱን የአረጋውያን መኖሪያ መንደር በትክክለኛ ልኩ አዳራሹ ወለል ላይ በጠመኔ ሣለና ወደፊት የሚኖሩበትን ሰዎች ጠራቸው። ዘዴውን የተማረው ባሕር ማዶ ነው። እዚያ ያልነገሩት ነገር ቢኖር ሰዎቹ የጠመኔውን ግድግዳ የምር ግድግዳ አድርገው እንደሚይዙት ነው።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር በጠመኔ በተሣለው በራቸው ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ።”

“ባለቤቱ ሳይኖር?”

“ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።”

“እንግዲያው ቁልፉን አምጣ።”

ከሾፌሩ ቀጥሎ ያለው ቤት ለአርክቴክቱ እናት የተያዘ ነበር። እናቱ መምህር፣ በኋላም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ብቻቸውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ዘንድሮ ደረጃው ላይ ሁለቴ ወድቀዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ “ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅሁም” ብለዋል። ዛሬ እስከ ቀትር ካልፈረሙ ቤቱ ለተከታዩ ተመዝጋቢ ያልፋል።

ልጃቸው ደግሞ እዚያ ሲሆን እዚህ፣ እዚህ ሲሆን እዚያ የሚያምረው ሰው ነው። ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተማረበት አገር የመጣ የሥራ ደብዳቤ አለ፤ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። እናቱ ከፈረሙ ሐሳቡ ተቃልሎለት ይሄዳል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

እናቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ክፍል እንደሚጎበኙ ሁሉ፣ ቤቱን ዞሩት። መታጠቢያውን አለፉ፤ አልጋው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ይኼ ፊት ለፊት ያለው ምንድን ነው?”

“ስክሪን ነው፣ እማዬ። ሩቅ ያለ ልጅ ሲደውል ፊቱ እሱ ላይ ይታያል።”

“ሩቅ ያለ የማን ልጅ?”

“የ… ነዋሪው።”

“ነዋሪው ማነው?”

አርክቴክቱ በእጁ የያዘውን መለኪያ ሜትር ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ሜትሩ ጠቅ ብሎ ገባ።

“ወንበር የታለ?” አሉ እናቱ።

“ይኸው፣ አለ እኮ።”

“ይኼማ የኔ ነው። ልጄ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው? ስክሪኑ ላይ?”

የስክሪኑን መስመር በጫማቸው አጠፉት። ጠመኔ ተቀበሉና ጎንበስ ብለው በሩ አጠገብ ሁለተኛ ወንበር ሣሉ። አርባ ዓመት ሰሌዳ ላይ የኖረ እጅ ማስመሪያ አይፈልግም።

“እማዬ፣ ወንበር እዚያ ከተቀመጠ በሩ አይከፈትም።”

“ግድግዳውን ግፋዋ!”

“ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ ሾፌር ቤት ነው።”

“ስንት ይበቃል?”

“ሠላሳ ሳንቲ።”

ሾፌሩ አልጋቸው ላይ፣ ማለትም ሲሚንቶው ላይ፣ ጋደም ብለው ነበር፤ ተነሱ። “ኧረ የሕግ ያለህ! ገና ሳልገባ ድንበሬ ተገፋ!”

“ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ግድግዳው ስስ ነው” አሉ እናቱ።

“ሽማግሌ ይግባበት!”

“እዚህ ሽማግሌ ያልሆነ ማን አለና?” አሉ አንዲት ልብስ ሰፊ ከማዶ ቤት።

ሁሉም በየበራቸው ዞረው ወጡ። መስመር የረገጠ የለም። ሽምግልናው አርባ ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ሾፌሩ ሠላሳውን ሳንቲ ለቀቁ፤ ግን እንዲሁ አልለቀቁም።

“ወንበሩ ባዶ በሆነ ቀን እኔ እቀመጥበታለሁ።”

“ባዶ አይሆንም” አሉ እናቱ።

“ከሆነ ነው ያልኩት።”

ሁሉም ወደ አርክቴክቱ ዞሩ። አርክቴክቱ ሜትሩን ያይ ነበር።

“በጽሑፍ ይሁን” አሉ ልብስ ሰፊዋ። “ወረቀት!”

አርክቴክቱ ኪሱን ዳበሰ። ሌላ ወረቀት አልነበረውም። ደብዳቤውን በጀርባው አዙሮ ዘረጋው፤ ሾፌሩ እየነገሩት ጻፈ፤ ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ፤ ልብስ ሰፊዋ ምስክር ሆኑ።

ለቀትር አምስት ደቂቃ ሲቀረው እናቱ የመኖሪያውን ቅጽ ፈረሙ። ከፊርማቸው ጎን “ከነወንበሩ” ብለው ጨመሩ። ከዚያ ውሉን አነሱ። እናቱ ከተማሪ የተቀበሉትን ወረቀት ሳይገለብጡ አልፈው አያውቁም፤ ይህንንም ገለበጡት። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ፊታቸው አልተለወጠም። አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

“እማዬ፣ ያ ወረቀት እኮ…”

“ውል ነው። ውል እኔ ዘንድ ይቀመጣል።”

“በፊተኛው ገጽ መልስ የሚፈልግ ነገር አለ።”

“አይቼዋለሁ። እስከ ዓርብ ነው የሚለው። ዓርብ መጥተህ ጠይቀኝ። ስትመጣ አንኳኳ።”

በበሩ ወጥተው ሄዱ።

አርክቴክቱ አሮጌውን ግድግዳ አጥፍቶ ሠላሳ ሳንቲ ወደ ሾፌሩ ቤት አሻግሮ ሣለው። ልኩን ለማየት እናቱ የሣሉት ወንበር ላይ፣ ማለትም ሲሚንቶው ላይ፣ ተቀመጠ። ጉልበቱ በሩን አልነካም። ደህና ነው። ግን አልተነሣም።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ሾፌሩ ናቸው።

“ወንበሩ ባዶ ነው እንዴ?”

“ተይዟል፣ ጋሼ” አለ አርክቴክቱ።