ሆዷን አትንኩ

ሥርጉት ልጇን ሊድያን ስታጥባት እጇ ጠጠር ያለ ነገር ነካ። በግራ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች። ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አመመኝ ብላ አታውቅም።

«ወስፋት ነው» አሉ አማቷ እትዬ ብርቱካን፣ ጫን ጫን እያደረጉ። ሐረር ፈላና በር አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክም ያንኑ ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ትመጣለች፣ ትጫናለች፣ «ጨጓራ ነው» ትላለች። ሌላዋ ትመጣለች፣ ትጫናለች፣ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ሥርጉት ሁሉንም ቡና እያጠጣች ትሸኛለች።

አንድ ጠዋት የልጅቷ ሽንት ቀላ። ሥርጉት ማንንም ሳታማክር በባጃጅ ከከተማዋ ግንብ ውጭ ወዳለው ሆስፒታል ይዛት በረረች። ዶክተር ኤልሳቤጥ በአልትራሳውንድ አይታ ወንበሯን አስጠጋች።

«ኩላሊቷ ላይ ዕጢ አለ። ትንንሽ ልጆችን የሚይዝ ካንሰር ይመስላል፤ የሚረጋገጠው አዲስ አበባ ነው። በጊዜ ከታከሙ አብዛኞቹ ይድናሉ። አንዱ ኩላሊት ቢወጣም በሌላው ትኖራለች። እስከዚያ ሆዷን ማንም እንዳይጫን፤ ዕጢው ሊፈነዳ ይችላል።»

«ዶክተር፣ እርጉዝ ሆኜ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ምንም ያጠፋሽው የለም።»

ለሥራ ሌላ ከተማ ላለው ባሏ በስልክ የነገረችው ወሬ ቀድሟት ቤት ደርሶ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። እትዬ ብርቱካን «እስቲ ልየው» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ አልቻለችም።

«አይንኳት! ሁላችሁም እጃችሁን ሰብስቡ! ሁሉም ልጫን፣ ሁሉም ልዳብስ! ልጄ ሊጥ ናት እንዴ?»

እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። «ካንሰር እያለች በልጇ ላይ ታሟርታለች!» ሲሉ ከደጅ ተሰማ።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ግን ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከች አሉ። «ብቻሽን ልትሄጂ ኖሯል?» ይቅርታ የሚባል ነገር አላነሱም። መንገዱን ሙሉ «ቀስ በል፣ ልጅ ይዘናል!» እያሉ ሾፌሩን አሰለቹት።

ሊድያ መጀመሪያ ኬሞ ወሰደች፤ ከዚያ ኩላሊቷ ወጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ኬሞ። ፀጉሯ ረገፈ፣ ምግብ አልረጋላት አለ። እትዬ ብርቱካን ነርሶቹን ሳይቀር «እጅሽን ታጥበሻል?» እያሉ ሲጠይቁ ሥርጉት በሀፍረት ትሸማቀቃለች። ማታ ማታ ግን ልጅቷን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው «አንቺ እረፊ፣ እኔ አለሁ» የሚሏት እሳቸው ነበሩ።

ሐረር ሲመለሱ የልጅቷ ፀጉር ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሐኪሞቹ ዕጢው ሙሉ በሙሉ እንደወጣ ነግረዋቸው ለክትትል ቀጥረዋታል። ሊድያ ወደ ጠባቡ መንገድ ሮጣ ወጣች። «ነይ ብዬሻለሁ!» ጮኸች ሥርጉት። ልጅቷ ጭራሽ ባሰባት። ሥርጉት ምሳዋን በሳህን ይዛ፣ እየተነጫነጨች ተከተለቻት።